ተተኪው ባሸነፈበት ቀን

በአብዛኛው የሥራ ዘርፍ አንድ ሰው ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅበትና ቃሉ የሚደመጥበት ዕድሜ ከሠላሳዎቹ አጋማሽ በኋላ የሚመጣ ሲሆን፣ በውድድር ስፖርት ግን ይኸው ዕድሜ የመሰናበቻ ዘመን ነው። መምህሩ፣ ሐኪሙና ነጋዴው ገና የልፋታቸውን ፍሬ ማየት በሚጀምሩበት ጊዜ ሯጩ አቅሙ እየከዳው መሆኑን ከሰዓቱ ላይ ያነብባል፤ ከዚያም በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው የሚኖረው ረጅም ዕድሜ ከፊቱ ይጠብቀዋል። በመሆኑም ዝና ያተረፈ አትሌት ከውድድር የሚለይበት ሁኔታ ከስፖርት ዜናነት አልፎ የጤና፣ የኑሮና የማንነት ጥያቄ ነው። ይህንን ጥያቄ ለመመርመር ከኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሩጫ የተሻለ መስክ ማግኘት ያስቸግራል፤ የሯጩ መነሣትም ሆነ መውደቅ በሰከንድ ተለክቶ በሕዝብ ፊት የሚፈጸም ከመሆኑም በላይ፣ የኢትዮጵያ ሩጫ ታሪክ በሌሎች አገሮች እምብዛም የማይታይ አንድ ባሕርይ አለውና። ይኸውም የታላቁ ሯጭ መውደቅና የተተኪው ድል ደጋግሞ በአንድ ቀን፣ በአንድ ውድድር ላይ መግጠሙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ግጥምጥሞሽ የመጀመሪያው ትልቅ ምሳሌ የ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ማራቶን ነው። በሮም በ1960፣ በቶኪዮ በ1964 አከታትሎ ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ ሦስተኛውን ወርቅ ፍለጋ በታመመ እግሩ ሮጦ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያቋርጥ፣ ሩጫውን የቀጠለው ጓደኛው ማሞ ወልዴ ሁለተኛውን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ወርቁን አገኘ። አገሪቱ ሦስተኛውን ተከታታይ የማራቶን ድል ስለጨበጠች ደስታዋ አልጎደለም፤ የአበበ የሩጫ ዘመን በዚያች ዕለት ማብቃቱ የታወቀው ሕይወቱ ወደ ሌላ ታሪክ ከተሸጋገረ በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት በማርች ወር ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ የታች አካሉ ሽባ ሆነ፤ ሕክምናውን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ከተከታተለ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውድድር እስከ መሳተፍ ደረሰ። በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገኝ፣ ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ በማራቶን የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። አበበ በዓመቱ፣ በኦክቶበር 1973፣ በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

የአበበ መጨረሻ ግን ከአብዛኞቹ ሯጮች ይለያል። እርሱን ከሩጫ የለየው የአንድ ሌሊት አደጋ ሲሆን፣ የሌሎቹ ፍጻሜ ግን ቀስ በቀስ፣ ለዓመታት ተጎትቶ የሚመጣ ነው። የዚህ ምክንያት የሚጀምረው ከሰውነት አሠራር ነው። በረጅም ርቀት ሩጫ ወሳኝ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሰውነት በከፍተኛ ጥረት ላይ እያለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠን ነው። ይህ መጠን ስፖርት በማይሠራ ሰው ላይ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ በየአሥር ዓመቱ በግምት 10 በመቶ እንደሚቀንስ፣ ልምምዱን ባላቋረጠ ሯጭ ላይ ግን ቅነሳው ዝግ እንደሚል የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች ያስረዳሉ። ልብ በደቂቃ ልትመታ የምትችለው ከፍተኛ ቁጥር ከዕድሜ ጋር ስለሚወርድ፣ ልምምድ ቅነሳውን ሊያዘገየው እንጂ ጨርሶ ሊያስቀረው አይችልም። በሌላ በኩል ጡንቻ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት ክሮች ያሉት ሲሆን፣ አንደኞቹ በዝግታ እየተኮማተሩ ድካምን ለረጅም ጊዜ የሚችሉ፣ ሁለተኞቹ ደግሞ በፍጥነት ተኮማትረው ድንገተኛ ጉልበት የሚሰጡ ናቸው፤ ዕድሜ ቀድሞ የሚያጠቃው እነዚህን ፈጣኖቹን ነው። ስለዚህ ሯጭ በመጀመሪያ የሚያጣው የመሮጥ ችሎታውን ሳይሆን አጨራረሱን፣ ማለትም የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ተስፈንጥሮ የሚወጣበትን ፍጥነት ነው። በዚህ ላይ የጅማት ጉዳት ይጨመራል። የባት ጡንቻን ከተረከዝ ጋር የሚያያይዘው አኪሊስ የሚባለው ወፍራም ጅማት የሚደርሰው ደም አነስተኛ በመሆኑ አንድ ጊዜ ከተጎዳ በቶሎ አይድንም፤ የሯጮችን የሕክምና ታሪክ ያገላበጠ ሰው ይህንን ስም ደጋግሞ ያገኘዋል።

የሩጫ ስፖርት ለዚህ የተፈጥሮ ሕግ የራሱ መውጫ አለው። አጨራረሱ የደከመበት ሯጭ ከ5,000 ሜትር ወደ 10,000 ሜትር፣ ከመም (ትራክ) ወደ ጎዳና፣ ከግማሽ ማራቶን ወደ ሙሉ ማራቶን እያለ፣ ፍጥነት ይበልጥ የሚፈለግበትን ትቶ ጽናት ይበልጥ ወደሚከፈልበት ርቀት ይሸጋገራል። የጂምናስቲክ ስፖርተኛ እንዲህ ያለ በር የለውም። በሩ ለሯጩ በረከትም ፈተናም ነው፤ በረከትነቱ ተጨማሪ ዓመታት መስጠቱ ሲሆን፣ ፈተናነቱ ደግሞ አብቅቷል የተባለ ሯጭ በሌላ ርቀት ተመልሶ ሊነግሥ ስለሚችል፣ እውነተኛው ፍጻሜ ሲመጣ ከሐሰተኛው ለመለየት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ በስሕተት ተሰናባች የተባለ ሰው ሁለተኛውን ፍርድ በቀላሉ አያምንም፤ ቢያምን ኖሮም ብዙ ድሎች ባልተገኙ ነበር።

የሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ ታሪክ ይህንን በሙሉ ያሳያል። በ1973 በአርሲ አሰላ አካባቢ የተወለደው ኃይሌ ከ1993 እስከ 1999 በተካሄዱት አራት የዓለም ሻምፒዮናዎች በ10,000 ሜትር ሳይሸነፍ የቆየ ሲሆን፣ የአትላንታንና የሲድኒን የኦሎምፒክ ወርቆችም ጨምሮ ወስዷል። በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በመቶኛ ሰከንድ ዘጠኝ ብቻ ነበር፤ ይህ ልዩነት በዚያው ኦሎምፒክ በ100 ሜትር ወንዶች አንደኛና ሁለተኛ በወጡት መካከል ከነበረው እንኳ ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ በአኪሊስ ጅማቱ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2001 በኤድመንተን ሦስተኛ ወጣ፤ በ2003 በፓሪስ ደግሞ የአገሩ ልጅ፣ የ21 ዓመቱ ቀነኒሳ በቀለ ከአንድ ሰከንድ በጥቂት በሚበልጥ ልዩነት ቀድሞት ገባ። በአሰልጣኞችም በተመልካቾችም ዘንድ የዘመን መለዋወጫ ተብሎ የሚቆጠረው ያ ቀን ነው።

በኦገስት 20 ቀን 2004 በአቴንስ የተካሄደው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ግን ከፓሪሱም የበለጠ የሚናገረው አለ። ኃይሌ በጅማቱ ሕመም ምክንያት በቂ ልምምድ ሳያደርግ ነበር ወደ መሙ የገባው። ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ከቀሪዎቹ ተለይተው መምራት ሲጀምሩ ኃይሌ ወደኋላ ቀረ፤ ሁለቱም ወጣቶች እየተዟዟሩ ወደኋላ ተመለከቱ፣ ፍጥነታቸውንም ቀነሱ፤ በኦሎምፒክ ፍጻሜ መካከል፣ ተፎካካሪዎች ከኋላ እየደረሱባቸው፣ ታላቃቸው እንዲደርስባቸው ጠበቁ። አልደረሰም። ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፤ ነሐሱን የኤርትራው ዘርሰናይ ታደሰ አግኝቶ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አስመዘገበ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ያ መጠበቅ ከሩጫ ስልት አንጻር ጉዳት እንጂ ጥቅም አልነበረውም፤ ለተሰናባች ሯጭ በውድድር ውስጥ እንዲህ ያለ አክብሮት በይፋ የታየበት ሌላ አጋጣሚ ግን በቀላሉ አይገኝም።

በዚያ ምሽት ኃይሌ አበቃለት ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛ በማስረጃ ረገድ የሚወቀስ አልነበረም፤ ነገር ግን ተሳስቷል። ኃይሌ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ማራቶን አዞረ። በ2005 አምስተርዳምን፣ ከ2006 እስከ 2009 በርሊንን አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። በሴፕቴምበር 2007 በርሊን ላይ የቴርጋትን የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰዓት ከ04 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሻሻለ፤ በዓመቱ እዚያው ከተማ፣ በ35 ዓመቱ፣ በ2 ሰዓት ከ03 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገብቶ ከ2 ሰዓት ከ04 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህ የተደረገው ዛሬ በሁሉም ሯጭ እግር ላይ የሚታየው፣ የካርቦን ዝርግ በወፍራም ስፖንጅ መካከል የተቀበረበት ጫማ ከመምጣቱ በፊት፣ በተለመደው ስስ ሶል መሆኑን ማስታወስ ይገባል። አዲሶቹ ጫማዎች ከእያንዳንዱ ርምጃ የሚገኘውን ጉልበት ከመጨመራቸውም ሌላ በእግር ጡንቻ ላይ የሚደርሰውን ድቃት እንደሚቀንሱ ስለሚታመን፣ ዕድሜን ለጥቂት ዓመታት የመሸፈን ባሕርይ አላቸው፤ የዓለም አትሌቲክስ የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰን እስከ ማበጀት የደረሰውም የጫማው ድርሻ ከሯጩ ድርሻ ጋር እንዳይደባለቅ ሰግቶ ነው።

እውነተኛው ፍጻሜ የመጣው በኖቬምበር 2010 በኒውዮርክ ማራቶን ነበር። ኃይሌ ጉልበቱ ውኃ ቋጥሮ ያመው ስለነበር ከ25 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ አቋረጠ፤ ከውድድሩ በኋላ በጋዜጠኞች ፊት እያለቀሰ ራሱን ከውድድር ዓለም ማግለሉን አስታወቀ። የዚያኑ ዕለት ውድድሩን ያሸነፈው ሌላው ኢትዮጵያዊ፣ የመጀመሪያ ማራቶኑን የሮጠው ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም መሆኑን ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ኃይሌ ከቀናት በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ እንደሚመለስ ተናገረ፤ በዚህ ብዙ ሰው ተገርሞበታል፤ ነገር ግን በ2004 የተሰጠበትን ፍርድ ለሻረ ሰው ከዚህ የተለየ መጠበቅ ከባድ ነው። በ2011 በርሊን ላይ ትንፋሽ አጥሮት ሲያቋርጥ ኬንያዊው ፓትሪክ ማካው የእርሱን ክብረ ወሰን እፊቱ አሻሻለው። በ2012 ወደ ለንደን ኦሎምፒክ ለመሄድ በሄንግሎ በ10,000 ሜትር ተወዳድሮ ሰባተኛ ወጣ፤ ቡድኑ ውስጥም አልተካተተም። በሜይ 2015 በማንቸስተር የጎዳና ሩጫ ላይ በ42 ዓመቱ የመጨረሻውን ስንብት ሲያውጅ ግን እንባም ሆነ ድንጋጤ አልነበረም። ከመጀመሪያው ስንብት እስከ ሁለተኛው አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተው ነበር።

ቀነኒሳ በቀለ በበኩሉ የኃይሌን መንገድ ከእርሱ በበለጠ መከራ ደግሞታል። በአገር አቋራጭ የዓለም ሻምፒዮና ከ2002 እስከ 2006 ለአምስት ተከታታይ ዓመታት አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት ያሸነፈ፣ በቤይጂንግ ኦሎምፒክና በ2009 በበርሊኑ የዓለም ሻምፒዮና 5,000 እና 10,000 ሜትርን ደርቦ የወሰደ፣ የሁለቱንም ርቀቶች ክብረ ወሰን ከኃይሌ ተረክቦ እስከ 2020 ድረስ የያዘ ሯጭ፣ ከ2010 ጀምሮ የባት ሕመም ተጣባው። በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትርን ሳይጨርስ ከመሙ ሲወጣ፣ ውድድሩን ያሸነፈው አገሩን ወክሎ አብሮት የገባው ኢብራሂም ጄይላን ነበር። ከዚያ በኋላ የቀነኒሳ ታሪክ ስንብትና ትንሣኤ የሚፈራረቁበት ሆነ። በ2014 የመጀመሪያ ማራቶኑን በፓሪስ አሸነፈ፤ በቀጣዩ ዓመት በዱባይ አቋረጠ። በ2016 በርሊንን በ2 ሰዓት ከ03 ደቂቃ ከ03 ሰከንድ ወሰደ፤ ከዚያም በአንዳንድ ውድድሮች ላይ እየጀመረ አልጨርስ አለ። ብዙዎች ተስፋ በቆረጡበት ሰዓት፣ በሴፕቴምበር 2019፣ በ37 ዓመቱ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ01 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሮጦ ከኤሊዩድ ኪፕቾጌ የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ ቀረ።

የአንድ ሯጭ ዘመን መቼ እንደሚያበቃ የሚወስነው ግን ሰውነቱ ብቻ አይደለም። እንደ ኢትዮጵያ ፈጣን ማራቶን ሯጮች በበዙበት አገር፣ ለኦሎምፒክ የሚላኩት ሦስት ብቻ በመሆናቸው፣ የመራጮች ውሳኔ የሐኪምን ያህል ክብደት አለው። ቀነኒሳ ለ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ አልተመረጠም። ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ደግሞ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በሜይ 2021 በሰበታ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ሲያዘጋጅ፣ እርሱ በማጣሪያው አሠራር ስላልተስማማ ሳይሮጥ ቀረ፤ ከቡድኑም ውጭ ሆነ። በዚህ ክርክር የሁለቱም ወገን ሐሳብ ሚዛን የሚደፋበት ቦታ አለው። ለሁሉም እኩል የሆነ ማጣሪያ ወጣቶችን ከዝና ጥላ ያወጣል፤ በሌላ በኩል በዓመት ሁለት ማራቶን ብቻ የሚችል ሰውነት ከኦሎምፒኩ ጥቂት ወራት በፊት ተጨማሪ ከባድ ሩጫ እንዲሮጥ መጠየቅ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋውን፣ ሳይወዳደር እንደማሰናበት ሊቆጠር ይችላል። ያም ሆነ ይህ ቀነኒሳ በኤፕሪል 2024 በለንደን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ04 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ወጣ፤ ይህ ሰዓት ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ በሆነ ሯጮች ምድብ ክብረ ወሰን ነበር። በዚህም ከ12 ዓመት በኋላ ወደ ኦሎምፒክ ተመለሰ።

በኦገስት 10 ቀን 2024 በፓሪስ፣ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ጎዳና ላይ፣ በተጎዳው ሲሳይ ለማ ምትክ የገባው ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። ኪፕቾጌ ሩጫውን አቋረጠ። ቀነኒሳ በ42 ዓመቱ 39ኛ ሆኖ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ጨረሰ። ይህ ሰዓት አበበ ቢቂላ በ1964 በቶኪዮ የዓለም ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ ከሮጠው ጋር የሚለያየው በ13 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። በማግስቱ የጋዜጦችና የማኅበራዊ ሚዲያዎች አርእስት ታምራት ነበር፤ መሆንም የሚገባው እርሱ ነበር። ነገር ግን ከሜክሲኮ እስከ ፓሪስ የተደጋገመው ይህ ክስተት አንድ ነገር ያሳያል። በሌላ አገር ታላቅ ሯጭ ሲወድቅ የሚፈጠረው ክፍተት ሰውን ያስደነግጣል፤ ጋዜጣው ይጽፋል፣ ባለሥልጣኑ ይጠየቃል። በኢትዮጵያ ግን ክፍተቱ በዚያው ሰዓት ስለሚሞላ ማንም አይደነግጥም። የሯጮች ብዛት ለአገሪቱ ጸጋ የሆነውን ያህል ለተሰናባቹ መረሻ ነው።

በእርግጥ ሁሉም መጨረሻ እንዲህ አይደለም። ማርሽ ቀያሪው በሚል ቅጽል የሚታወቀው ምሩጽ ይፍጠር በ1976 አፍሪካውያን የሞንትሪያልን ኦሎምፒክ ባይተዉት ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር ማንም አያውቅም፤ አራት ዓመት ጠብቆ ግን በሞስኮ ሁለት ወርቅ ወሰደ፤ ዕድሜውንም ለጠየቁት ሁሉ በቀልድ እያለፈ፣ ዕድሜ ስለሚባለው ነገር የጋዜጠኞችን ሥሌት ከንቱ አደረገ። የኋለኛውን ዘመኑን በካናዳ አሳልፎ በዲሴምበር 2016 በቶሮንቶ ዐረፈ። በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ባለወርቅ የሆነችው ደራርቱ ቱሉ ደግሞ በ2009፣ በ37 ዓመቷ፣ ማንም ባልጠበቀበት ሰዓት የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። በዚያ ውድድር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረችው እንግሊዛዊት ፓውላ ራድክሊፍ በሕመም ወደኋላ መቅረት ስትጀምር ደራርቱ አብራት እንድትሮጥ እንዳበረታታቻት በሰፊው ተወርቷል። ከአቴንስ መጠበቅ ጋር ሲነጻጸር ይህ ከአገር ወሰንም ያለፈ ነው።

ሯጭ መቼ እንደሚያቆም የሚወስነው ሌላው ነገር ገንዘብ ነው፤ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚድበሰበስ ስለሆነም ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል። አንድ ታዋቂ ማራቶን ሯጭ ገቢ የሚያገኘው ከሽልማት፣ በውድድሩ ላይ ስሙ እንዲታይ ብቻ አዘጋጆቹ ከሚከፍሉት የተሳትፎ ክፍያ፣ ከጫማ ኩባንያ ውልና በአገር ውስጥ ከሚወክለው ክለብ ደመወዝ ነው። ከነዚህ ውስጥ የጫማ ውል ብዙ ጊዜ የቅነሳ አንቀጽ አለው፤ ማለትም ሯጩ በዓመቱ የተወሰነ ውድድር ካልሮጠ ወይም ደረጃው ከወረደ ክፍያው በዚያው መጠን ይቀነሳል። ስለዚህ የተጎዳ ሯጭ ዕረፍት በሚያስፈልገው ሰዓት ለመሮጥ የሚያስገድደው ምክንያት ይበረታል። በሯጩ ገቢ ወላጅ፣ ወንድምና እኅት፣ የወንድም ልጅ ጭምር በሚተዳደርበት ቤት ደግሞ የማቆም ውሳኔ የአንድ ሰው ውሳኔ አይሆንም።

የዛሬዎቹ ወጣቶች ሁኔታ ከዚህም የከፋ ገጽታ አለው። ኃይሌና ቀነኒሳ ወደ ማራቶን የገቡት የመሙን ዘመን ጨርሰው ሲሆን፣ የዛሬው ወጣት ግን ገንዘቡ ያለበትን ጎዳና ከመጀመሪያው ይመርጣል። ጸጋዬ መኮንን በ2014 ዱባይ ላይ በ18 ዓመቱ በ2 ሰዓት ከ04 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ አሸንፎ የ200 ሺህ ዶላር ሽልማት ሲያገኝ ዓለም ተደነቀ፤ ያንን ሰዓት ግን በኋላ ዓመታት አላሻሻለውም። ከመም ወደ ጎዳና የሚያሸጋግረውን መንገድ ከመጨረሻው ለጀመረ ሯጭ የሚቀጥለው ርቀት የለም፤ በማራቶን የጀመረ ሰው በማራቶን ያበቃል፤ ምናልባትም ሌላው ገና በሚጀምርበት በ25 ዓመቱ።

ከሩጫ በኋላ ያለው ሕይወት ለታላላቆቹ በንግድ በኩል ተሳክቷል ማለት ይቻላል። ኃይሌ ገና በውድድር ላይ ሳለ በሕንፃ፣ በሆቴልና በመኪና መገጣጠም ሥራ ተሠማርቷል፤ በቦሌ መንገድ የሚታየው ሕንፃውም በባለቤቱ ስም ዓለም ይባላል። ቀነኒሳ ከሆቴሉ በተጨማሪ በሱሉልታ የመሮጫ መም አሠርቷል። በአመራር በኩል ደግሞ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት ለቀድሞ ሯጮች የተመደበ ወንበር የሆነ ይመስላል፤ ኃይሌ በ2016 ተመርጦ የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ በ2018 ሲለቅ ደራርቱ ተተካች፤ በዲሴምበር 2024 ደግሞ በአቴንስ መም ላይ ወደኋላ እየተዟዟረ ታላቁን የጠበቀው ስለሺ ስህን ተመረጠ። የሦስቱን አመራር ማነጻጸር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን ኃይሌ ከመልቀቁ በፊት በአመራሩ ላይ ተቃውሞ ያሰሙት ሯጮቹ ራሳቸው መሆናቸው፣ ለመሮጥ የሚያስፈልገውና ለማስተዳደር የሚያስፈልገው ችሎታ የተለያየ መሆኑን ያስታውሳል።

እነዚህ ግን ስማቸው በሕዝብ አፍ ያለ ጥቂቶች ናቸው። ከእያንዳንዱ ባለሜዳሊያ ጀርባ አሯሯጭ ሆነው፣ ማለትም ለሌላው ክብረ ወሰን ፍጥነት እየጠበቁ እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር ሮጠው የሚወጡ፣ ወይም በክለብ ደመወዝ የሚኖሩ ብዙዎች አሉ፤ ለእነርሱ ሕንፃም ወንበርም የለም። ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ከስምንተኛ ወይም ከአሥረኛ ክፍል አቋርጠው የመጡ ናቸው። የስፖርት ሥነ ልቦና ጥናቶች በአንድ ነጥብ ይስማማሉ፦ መላ ማንነቱን በስፖርቱ ላይ ብቻ የመሠረተና ሳይዘጋጅ በጉዳት የተሰናበተ ሰው፣ ራሱ ወስኖ ከወጣው ይልቅ ለድብርትና ለግራ መጋባት ይጋለጣል። ለሃያ ዓመት በየማለዳው ከእንጦጦ ወይም ከሰንዳፋ ተነሥቶ ሲሮጥ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱም ጭምር ይረበሻል፤ ልምምዱን ቀስ በቀስ እንዲቀንስና የልቡ ሁኔታ እንዲመረመር የሚከታተለው ባለሙያ ግን በአብዛኞቹ ክለቦች ውስጥ የለም።

መቻልን፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክን፣ ንግድ ባንክንና ሌሎቹን ክለቦች የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህንን ጉዳይ የበጎ አድራጎት አድርገው ባይመለከቱት ይሻላል፤ ሯጩ ሠርቶ ያመጣው ድል የክለቡም ነውና። የጉዳት ዋስትና፣ ውድድር በሌለበት ወራት የሚሰጥ የማታ ወይም የርቀት ትምህርት፣ ከሽልማት ገንዘብ ላይ እስከ ስንብት ድረስ የሚቀመጥ ቁጠባ፣ የአሠልጣኝነት ሥልጠና፦ እነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። ፌዴሬሽኑም ለክለቦች ፈቃድ ሲሰጥና ውሎችን ሲመዘግብ እነዚህ አንቀጾች እንዲካተቱ ማስገደድ ይችላል። ሥራው መጀመር ያለበት ለሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ቡድን ሲመረጥ ሳይሆን፣ የ17 ዓመቱ ልጅ ከገጠር መጥቶ የመጀመሪያውን የክለብ ውል በሚፈርምበት ቀን ነው።